ከአቃቂ እስከ ማጂ፦ የጓሮ ሽቦ አንቴናና የመሬት መስመር ታሪክ

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከሩቅ ድምፅ የሚያመጣው በሦስት ነገሮች ነው፤ በማሰራጫው ኃይል፣ ሞገዱን ወደ ምድር በሚመልሰው የሰማይ ንብርብር እና አድማጩ ራሱ በሚዘረጋው ሽቦ። የመጀመሪያው በጣቢያው ባለቤት እጅ ነው፤ ሁለተኛውን የምትወስነው ፀሐይ ናት። ለአድማጩ የሚቀርለት ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ይኸውም በጓሮው ውስጥ በሁለት ምሰሶ መካከል የሚወጠረው የሽቦ አንቴናና ከሬዲዮው ተነስቶ መሬት ውስጥ የሚቀበረው የመሬት ሽቦ። አድማጩ ከማሰራጫው በራቀ ቁጥር የዚህ ሦስተኛ ድርሻ ክብደት ይጨምራል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዳር የምትገኘው ማጂ ይህ በጉልህ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

የቦታው አቀማመጥ

ማጂ የዲዚ ሕዝብ አገር ስትሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከደጋው በታች በስተምሥራቅ የኦሞ ሸለቆ፣ በስተምዕራብ ደግሞ እስከ ደቡብ ሱዳን ጠረፍ የሚዘልቀው ቆላ ይገኛል። አካባቢው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ፣ የማጂ አውራጃ ለብዙ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። ቆይቶ መቀመጫው ሚዛን ተፈሪ በሆነው በቤንች ማጂ ዞን ሥር ተጠቃለለ፤ አሁን በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ሆኖ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ማጂ ያለው ርቀት በአየር መስመር 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቡናው አገር ከተሞች፣ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ፣ ከመዲናዋ ከ410 እስከ 420 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ይህ ርቀት ለሬዲዮ አስቸጋሪ ነው። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን የሚጓዘው መሬት ለመሬት በመሆኑ፣ ተራራና ጥቅጥቅ ደን በበዛበት አገር ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። በመቱ የተተከለው የ684 ኪሎ ኸርዝ ማሰራጫ እንኳ ከማጂ በቀጥታ ወደ ሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በቀን የሚሰጠው ድምፅ በሌሊቱ ልክ አይሆንም። ኤፍ ኤም ደግሞ ከአድማስ ብዙም አያልፍም።

አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ተነስቶ አዮኖስፌር ከሚባለው ንብርብር ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ይህ ንብርብር የፀሐይ ጨረር አየሩን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚያደርግበት የከባቢ አየር ክፍል ነው። መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1902 ኦሊቨር ሄቪሳይድና አርተር ኬኔሊ በየፊናቸው ገመቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ኤድዋርድ አፕልተን በሙከራ አረጋገጠ። ከአዲስ አበባ አካባቢ የተነሣ ሞገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተንጸባርቆ ማጂ ሲደርስ፣ የሚወርደው 50 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ነው። በዚህ ምክንያት በመካከል ያሉት የጅማና የከፋ ተራሮች አያግዱትም። የጓሮ አንቴና እንዴት መዘርጋት እንዳለበትም የሚወስነው ይኸው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ነው።

ከመልእክተኛ እስከ አቃቂ

ከሬዲዮ በፊት ወደ ማጂ ወሬ የሚደርሰው በእግረኛ መልእክተኛና በበቅሎ ነበር። አዋጅ ነጋሪት እየተመታ በገበያ ይነገራል፤ ደብዳቤ ግን እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሳምንታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ የብሪታንያ መንግሥት በማጂ ቆንስላ ነበረው። ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ፣ የጠረፍ ዘረፋና አደን ስለበዛበት ስለዚያ ዘመን ማጂ መጽሐፍ ጽፏል።

የዚህ ሰው ቀጣይ ሕይወት ከሬዲዮ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ሆድሰን ከማጂ ተነስቶ የፎክላንድ ደሴቶች ገዥ ሆነ፤ እዚያም ድምፅን በሽቦ ለየቤቱ የሚያደርስ ስርጭት አስጀመረ። በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ1934 ተመሳሳይ አገልግሎት ተከለ። ዛሬ ጋና በምትባለው ጎልድ ኮስት ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1935 በአክራ የዜድ ኦ ዋይ ጣቢያን ከፈተ፤ የጋና የሬዲዮ ታሪክም ከዚህ ቀን ይቆጠራል። የሆድሰን ዘዴ አድማጩን ከአንቴና ጣጣ ያሳርፈዋል፤ ሞገዱን አንድ ማዕከላዊ ጣቢያ ይቀበልና በሽቦ ለቤቶች ያከፋፍላል። ይህ የሚሠራው ግን ቤቶች በተጠጋጉበት ከተማ ነው። ቤቶቹ በየሸንተረሩ ለተበታተኑበት አገር፣ ማጂን ጨምሮ፣ አማራጩ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ሽቦ መዘርጋቱ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሬዲዮ ጣቢያ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ በአቃቂ ሠራው። ጣቢያው በዋነኛነት ለዓለም አቀፍ ቴሌግራፍና ስልክ የታሰበ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚሁ ጣቢያ ለዓለም ንግግር አደረጉ። በጦርነቱ ወራት ወደ አዲስ አበባ የጎረፉት የውጭ ጋዜጠኞችም ዘገባቸውን ያስተላለፉት በእርሱ በኩል ነው። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከመያዙ በፊት ጣቢያው ለጥቅም እንዳይውል ተደርጎ ፈረሰ። በዚህ ዘመን ሬዲዮ የቤተ መንግሥት፣ የሌጋሲዮንና የጥቂት ባለጸጋ ዕቃ ነበር።

ጣቢያዎች ሲበዙ

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ሬዲዮ በ1 ኪሎ ዋት ማሰራጫ እንደገና ተጀመረ። ይህ ኃይል ለማጂ አድማጭ እጅግ ትንሽ ነው፤ ረጅም ሽቦና ጥሩ የመሬት መስመር ከሌለ ድምፁ ከመብረቅ ጩኸት ሥር ይቀበራል። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም፣ የስልክ ምሰሶ ያልደረሰባቸውን ሩቅ ከተሞች ለማገናኘት አጭር ሞገድ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ሆነ።

ሚሲዮኖችም በሁለት ወገን የሚያነጋግር የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይጠቀሙ ነበር። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በማጂ ጣቢያ ነበረው፤ በኋላ የታወቀችው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ጄን ከርትዝ ያደገችውም በዚያ ነው። የንግግር ሬዲዮ አንቴና ከማዳመጫ አንቴና ይለያል። የሚያስተላልፍ መሣሪያ ኃይሉን ወደ ሽቦው በሙሉ እንዲያስገባ የሽቦው ርዝመት ለተመረጠው ሞገድ በትክክል ተለክቶ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ ኃይሉ ተመልሶ መሣሪያውን ይጎዳል። ለማዳመጥ ብቻ የሚዘረጋ ሽቦ እንዲህ ያለ ጥብቅ ልኬት አያስፈልገውም። የጓሮ አንቴና የማንም ሰው ሥራ ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በዚህ ቀን ተመርቆ በ100 ኪሎ ዋት ኃይል ከአዲስ አበባ አቅራቢያ ማሰራጨት ጀመረ። ኃይሉ ከ1 ወደ 100 ኪሎ ዋት ሲያድግ በአድማጩ ሬዲዮ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ 10 እጥፍ ይጨምራል። ከዚህ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ያለ አድማጭ የመዲናዋን ድምፅ ለመስማት ያን ያህል ረጅም ሽቦ አላስፈለገውም፤ ሽቦው ይበልጥ ያስፈለገው ለሩቅ ጣቢያዎች ነበር። የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ የአማርኛ ክፍል መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ስርጭት ጀመረ። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ። ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌልን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው።

የጀርመን ድምፅ ከእ.ኤ.አ. 1965 እስከ 2015 በሩዋንዳ ኪጋሊ የማስተላለፊያ ጣቢያ ነበረው። ኪጋሊ ከማጂ ወደ ደቡብ ምዕራብ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ የሚነሣ ሞገድ ማጂ የሚደርሰው ከአዲስ አበባው ዝቅ ባለ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚገመት ማዕዘን ነው። ከአውሮፓ በቀጥታ የሚመጣው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ ለቅርቡ ጣቢያ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ ሲበቃ፣ ለሩቁ ከፍ ያለ ሽቦ ይመረጣል።

ሁለት ቀዳዳ ያለው ሬዲዮ

እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይሸጡ የነበሩት የቤት ሬዲዮዎች በመስታወት ቫልቭ የሚሠሩ ነበሩ። መብራት በሌለበት አገር የሚሠሩት በትልልቅ ደረቅ ባትሪ ወይም በመኪና ባትሪ ነው። ከጀርባቸው ሁለት ቀዳዳ አላቸው፤ አንዱ ለአንቴና፣ ሌላው ለመሬት ሽቦ። ያለ ውጭ ሽቦ የሚሰጡት ድምፅ ትንሽ ስለሆነ፣ ሬዲዮ ገዝቶ ቤት ማስገባት ማለት በዚያው ቀን ጓሮ ወጥቶ ምሰሶ መትከል ማለት ነበር።

አሠራሩ በመላው ዓለም ተመሳሳይ ሲሆን መነሻው የጉሊዬልሞ ማርኮኒ ሥራ ነው። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 የማስተላለፊያውን አንድ ጫፍ ወደ ላይ አቁሞ ሌላውን መሬት ውስጥ ሲቀብር ርቀቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 በኒውፋውንድላንድ ከአትላንቲክ ማዶ የመጣውን ምልክት የተቀበለው በካይት ወደ 150 ሜትር ከፍታ በተነሳ ሽቦ ነው። በዚያው በ1895 ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፖፖቭ በረጅም ሽቦ የሚመጣ ነጎድጓድን የሚያመለክት መሣሪያ አሳይቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የሽቦ አንቴናዎች አንዱ መብረቅን ለመስማት መዋሉ፣ ሽቦ ከፍ ብሎ በተዘረጋበት ሁሉ መብረቅ የአድማጩ ቋሚ ጎረቤት እንደሚሆን ያስረዳል።

ሽቦውን መዘርጋት

የሞገድን ርዝመት በሜትር ለማወቅ 300ን በሜጋ ኸርዝ ማካፈል ይበቃል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት ከተጠቀመባቸው የአጭር ሞገድ ቦታዎች አንዱ 7110 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ርዝመቱ 42.2 ሜትር ይሆናል። ሩቡ 10.5 ሜትር፣ ግማሹ 21 ሜትር ነው። ከ10 እስከ 20 ሜትር ባለው መካከል የተቆረጠ ሽቦ በ49፣ በ41ና በ31 ሜትር ባንድ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ በቂ አድርጎ ያመጣል።

ሽቦው ሲረዝም የሚመጣው ድምፅ ይጨምራል፤ ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። ከ10 ሜጋ ኸርዝ በታች በሬዲዮው የሚሰማው ጩኸት የሚመነጨው በአብዛኛው ከመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ከሚወርደው መብረቅ ነው። ድምፁ ከዚህ ጩኸት በላይ አንዴ ከወጣ በኋላ ሽቦ መጨመር ሁለቱን እኩል ከማጉላት በቀር ጥቅም የለውም።

ከፍታውን የሚወስነው የሞገዱ መምጫ ማዕዘን ነው። ከመሬት 4 እስከ 8 ሜትር ላይ አግድም የተዘረጋ ሽቦ ከአናት በላይ የሚመጣውን ሞገድ በደንብ ይቀበላል። ይህ ለአዲስ አበባ ጣቢያ ተስማሚ ነው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ወይም አንድ ምሰሶና የቤቱ ክፈፍ ይበቁታል። ዝቅ ባለ ሽቦ አቅጣጫ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሽቦው ከፍ ባለ ቁጥር ግን አቅጣጫ መሰማት ስለሚጀምር፣ ጎኑ ወደሚፈለገው ጣቢያ እንዲዞር ይደረጋል። አዲስ አበባ ለማጂ በሰሜን ምሥራቅ፣ ኪጋሊ በደቡብ ምዕራብ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ስለሚውሉ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ አንድ ሽቦ ጎኑን ለሁለቱም ይሰጣል።

በቡናው አገር ምሰሶ ሳይተከልም ሥራው ይሠራል፤ ዋንዛ፣ ብሳናና ሰሳ ለቡና ጥላ እንዲሆኑ በየጓሮው አሉና። ዛፍ ግን በነፋስ ይወዛወዛል፤ ሽቦው ሳይላላ ከተወጠረ በመጀመሪያው ነፋስ ይበጠሳል። ስለዚህ በዛፉ በኩል ያለው ጫፍ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ በቅርንጫፍ ወይም በመዘውር ላይ አልፎ ከጫፉ ድንጋይ ይንጠለጠልበታል፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ድንጋዩ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሽቦውና በገመዱ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር መግባት አለበት። በስልክና በመብራት ምሰሶ ላይ የሚታየው፣ እንደ ቡና ሲኒ ነጭ የሆነው የሸክላ ዕቃ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ ወይም በሰም የተነከረ ደረቅ እንጨትም ይተካዋል። ይህ ማገጃ የሚያስፈልገው ዝናብ የነካው ገመድና እርጥብ ቅጠል የተሰበሰበውን ኃይል ወደ ግንዱ እንዳያፈሱት ነው።

ለሽቦው ከሁሉ የሚመረጠው መዳብ ነው። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ባለ ቀለም ሽቦም ያገለግላል፤ በሚያያዝበት ቦታ ግን ቀለሙ ተፍቆ መነሳት አለበት። የብረት ሽቦ ርካሽ ቢሆንም ዝናብ በበዛበት አገር ቶሎ ይዝጋል፤ መዳብና ብረት በቀጥታ ሲጣመሩ ደግሞ መጋጠሚያቸው በእርጥበት ተበልቶ ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል። መጋጠሚያው በእርሳስ ተበይዶ በላስቲክ ቢጠቀለል ለዓመታት ይቆያል። ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ከመስኮቱ ወይም ከግድግዳው ቀዳዳ በታች ዝቅ ብሎ ታጥፎ መግባት አለበት፤ ይህ ካልሆነ የዝናብ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ከሬዲዮው ላይ ይንጠባጠባል።

የመሬት ሽቦ

የመሬት ሽቦ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ በአንቴናው ለሚመጣው ኃይል ተመላሽ መንገድ ይሆናል። አንቴና አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ሽቦ ስለሆነ ሌላኛው ወገን ከሌለው ኃይሉ በሬዲዮው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አያልፍም። ሁለተኛ፣ በቤቱ ሽቦዎች ላይ የሚሰበሰበውን ጩኸት ወደ መሬት ያወርዳል። ሦስተኛ፣ በነፋስ፣ በአቧራና በዝናብ ጠብታ ምክንያት በአንቴናው ላይ የሚከማቸውን ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ያፈስሳል።

ዘዴው ከ1.5 እስከ 2.5 ሜትር የሚሆን የመዳብ ዘንግ ወይም ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ መሬት ውስጥ መትከልና ወፍራም ሽቦ አጥብቆ ማሰር ነው። ከዘንጉ እስከ ሬዲዮ ያለው መንገድ በተቻለ መጠን አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ረጅምና ጠመዝማዛ የመሬት ሽቦ በአጭር ሞገድ ላይ ራሱ ሁለተኛ አንቴና ሆኖ ጩኸት ያስገባል። የአካባቢው አፈር ለዚህ ሥራ ይመቻል። የደቡብ ምዕራብ ቀይ አፈር ጥልቅና ውሃ የሚይዝ ነው፤ በሚዛንና በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚወርድም ለአብዛኛው ዓመት ርጥብ ሆኖ ይቆያል። የሚያስቸግሩት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራትና ድንጋያማ ሸንተረር ናቸው። ለደረቁ ወራት በዘንጉ ዙሪያ ከሰልና ጨው ተጨምሮ ውሃ ይደፋበታል፤ ለድንጋያማው ደግሞ ጥልቅ ከመቆፈር ይልቅ ብዙ ሽቦዎች በስስ አፈር ሥር በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ።

መብረቅና ጥንቃቄው

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅበት፣ ነጎድጓድም አብሮት የሚበዛበት አገር ነው። በደጋ ጫፍ ላይ ያለች እንደ ማጂ ያለች ከተማ ደግሞ ይበልጥ ለመብረቅ የተጋለጠች ናት። የመሬት ሽቦ ሬዲዮንና ቤትን ከመብረቅ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል የሚለው ግምት ስህተት ነው። የተለመደ የመብረቅ ምት 30,000 አምፔር ያህል ይደርሳል። የመሬቱ ዘንግ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆን በዘንጉ ላይ 300,000 ቮልት ይወለዳል፤ ይህ ኃይል በሬዲዮው በኩል ቢያልፍ ሬዲዮውን፣ ጣሪያውንና በአጠገቡ ያለውን ሰው ያጠፋል።

ስለዚህ የቆየው የጥንቃቄ ሥርዓት ኃይሉ ወደ ቤት ሳይገባ ውጭ እንዲቀር ማድረግ ነው። በቀድሞ ዘመን የነበሩት መመሪያዎች ከግድግዳው ውጭ የቢላ ቅርጽ ያለው መቀየሪያ እንዲገጠም ያዙ ነበር፤ ሬዲዮው በማይደመጥበት ጊዜ መቀየሪያው አንቴናውን ከሬዲዮው ነጥሎ በቀጥታ ከመሬት ዘንጉ ጋር ያገናኘዋል። መቀየሪያ ከሌለ ሽቦውን ነቅሎ ከመስኮት ውጭ ከመሬት ሽቦው ጋር ማሰር ይበቃል። ይህ የሚደረገው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ነጎድጓድ መሰማት ከጀመረ በኋላ ሽቦ መንካት አደገኛ ነው። በሣር ክዳን ቤት ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሽቦው በክዳኑ ላይ ወይም በውስጡ እንዲያልፍ አይደረግም። አንቴና ከመብራት መስመር በላይም ሆነ በታች አይዘረጋም፤ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ምሰሶው ቢወድቅ መስመሩን እንዳይነካ በቂ ርቀት ያስፈልጋል።

ትራንዚስተር የለወጠው

የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ገጠር ዘለቀ። በጥቂት ባትሪ ድንጋይ ለሳምንታት ይሠራል፤ በትከሻ ተንጠልጥሎ ወደ ቡና ማሳና ወደ ገበያ ይሄዳል። ከውስጡ ለመካከለኛ ሞገድ የሚሆን የፌራይት ዘንግ፣ ከውጭው ለአጭር ሞገድ የሚሳብ ዘንግ ስላለው የጓሮ ሽቦ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ብዙዎቹ ላይ የመሬት ሽቦ ቀዳዳ እንኳ አልነበረም።

ሆኖም ሽቦው አልጠፋም። ባትሪው ሲደክም ወይም ጣቢያው ሩቅ ሲሆን፣ የተሳበውን ዘንግ በሽቦ አያይዞ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ ማውጣት በአገሪቱ ሁሉ የተለመደ ዘዴ ሆነ። ከእንጨት ማገር ላይ ያረፈ ቆርቆሮ ከመሬት ስለተለየ እንደ ሰፊ አንቴና ያገለግላል፤ ሉሆቹ በተደራረቡበት ቦታ ከዛጉ ግን ራሳቸው ጩኸት ይፈጥራሉ። ትራንዚስተር ረጅም ሽቦ ሲበዛበት አንዱ ጣቢያ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሰማል። ለዚህ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሆነ ሽቦ በቂ ነው፤ በቀጥታ ከማያያዝ ይልቅ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦን በዘንጉ ላይ ጥቂት ጊዜ መጠምጠምም ኃይሉን ይመጥነዋል።

ቀንና ሌሊት በምድር ወገብ አቅራቢያ

የኢትዮጵያ ሰማይ ለአጭር ሞገድ የራሱ ጠባይ አለው። የመግነጢስ ምድር ወገብ የሚባለው መስመር በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በዚህም ምክንያት ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን አማካይነት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ገደማ፣ አዮኖስፌሩ ስለሚተራመስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ አንቴና ማርዘም ይህን አይፈውሰውም።

ቀን ላይ አዮኖስፌሩ ጠንካራ ስለሆነ 7 እና 9 ሜጋ ኸርዝ ለማጂ ርቀት ይመቻሉ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲዳከም፣ ከ6 ሜጋ ኸርዝ በታች ያለው ይበልጣል፤ ከፍ ያለው ሞገድ ሰማዩን ዘልቆ ያልፋል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ 5990፣ 7110 እና 9705 ኪሎ ኸርዝን አብሮ ይጠቀም የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲደክም አድማጩ ወደ ሌላው ይዞራል። የፀሐይ ነጠብጣብ በ11 ዓመት ገደማ አንዴ ስለሚበዛና ስለሚያንስ፣ በአንድ ዘመን ጥሩ የነበረ ባንድ በሌላው ይደበዝዛል። ለሐሩር አገሮች ከ60 እስከ 120 ሜትር ያሉ ባንዶች በዓለም አቀፍ ስምምነት የተለዩትም፣ በእነዚህ አገሮች መካከለኛ ሞገድ በመብረቅ ጩኸት ስለሚታወክ ነው።

የኋለኛው ዘመን

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሬዲዮ ፋና በአጭር ሞገድ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ ጎን ተሰለፈ፤ የክልል ጣቢያዎችም በ49 ሜትር ባንድ ላይ ቦታ ያዙ። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ግን ኤፍ ኤም፣ ዲሽና ሞባይል አድማጩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የቡና ዋጋም እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሬዲዮ ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክትና በየከተማው በተሰቀሉ የዋጋ ሰሌዳዎች ይነገር ጀመር። ብዙ የውጭ ጣቢያዎች የአጭር ሞገድ ሰዓታቸውን ቀነሱ፤ የኪጋሊው ጣቢያም በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

በአንጻሩ መብራት በደረሰበት ቦታ አዲስ ችግር መጣ። የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፑልና የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያ በአጭር ሞገድ ላይ የማያቋርጥ ጩኸት ይነዛሉ። መድኃኒቱ ቫልቭ ሬዲዮ በነበረበት ዘመን የሚታወቀው ነው፤ ሽቦውን ከቤቱ አርቆ ጓሮው ጫፍ ላይ መዘርጋት፣ የመሬት ዘንጉንም ከመብራቱ መስመር ለይቶ ለአንቴናው ብቻ መትከል። የሩቁን ጣቢያ ድምፅ ለመስማት በቀድሞው ዘመን ያስፈለገው ሥራ፣ ዛሬ የቅርቡን ጩኸት ለመሸሽ ያስፈልጋል። መካከለኛ ሞገድና ኤፍ ኤም በማይደርሱባቸው የኦሞ ዳር ቆላዎች፣ እንዲሁም መብራትና ስልክ በሚቋረጥበት ጊዜ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ 10 ሜትር ያህል መዳብና በርጥብ አፈር የተቀበረ አንድ ዘንግ አሁንም በቂ መሣሪያ ናቸው።